ቤዝመንቴን በኤርቢኤንቢ ላከራይ ነው፣ ካውንቲው ምን አገባው?

የስፕሪንጉ ሰው፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው፣ ቤት ከገዛሁ አምስት ዓመት አልፎኛል። ቤዝመንቱ ራሱን የቻለ ነው። በሩ ለብቻ፣ ሻወሩ ለብቻ፣ ትንሽ ኪችንም አለው። እስካሁን አንድ የአገር ልጅ ነበር የሚኖርበት፣ አሁን አግብቶ ወጣ (ይቅናው)። ባለቤቴ "ደግመን ቋሚ ሰው አናስገባ፣ ኤርቢኤንቢ እናድርገው" አለች፣ በስልክ ለሚመጣ እንግዳ በሌሊት ሒሳብ ማለት ነው። እኔም ሒሳቡን ሳየው ልቤ ሸፈተ። ልጁ በወር የሚከፍለኝን በአሥራ ሁለት ሌሊት አገኘዋለሁ። ትናንት ግን አንድ ጓደኛዬ ኡበር እየነዳ ደውሎ "ተው፣ ፈቃድ አለው፣ ታክሱም ሌላ ነው" ብሎ አስደነገጠኝ። ቤቱ የኔ ነው። ሞርጌጁን የምከፍለው እኔ፣ ፕሮፐርቲ ታክሱን የምከፍለው እኔ፣ በረዶውን የምዝቀው እኔ። በገዛ ቤቴ ማን እንደሚያድር ካውንቲው ምን አገባው? ሶፋ ገዝቻለሁ፣ ፎቶ አንስቼ ጨርሻለሁ፣ ሰኞ ልለጥፈው ነው። የምታውቁ ንገሩኝ።

ሹፌሩ ቆንጆ፦
ለጥፈው አቦ! ሰው ሁሉ እየሠራበት አይደል እንዴ። እኔ በ2025 ጃንዋሪ፣ በዓለ ሲመቱ ጊዜ፣ ቤቴን ለስድስት ቀን ሰጥቼ ልጆቼን ሰብስቤ እህቴ ሳሎን ተኛሁ። ጀርባዬን አመመኝ እንጂ የወር ሞርጌጄን ይዤ ወጣሁ። ማንም ምንም አላለኝ። ታክስም የለውም፣ በዓመት ከ15 ቀን በታች ካከራየህ ነጻ ነህ። ካውንቲው የት አውቆ?

ሒሳቧ፦
ሹፌሩ፣ ያቺን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ብትሰርዛት ለራስህ ጥሩ ነው ሃሃ።

ሁለት ነገር አቀላቅለሃል። የ15 ቀኑ ነገር እውነት ነው። የምትኖርበትን ቤት በዓመት እስከ 14 ቀን ብቻ ካከራየህ ገንዘቡን ፌደራል የግብር ሪተርንህ ላይ አታስገባውም። በምትኩ ወጪም መቀነስ አትችልም። በዓለ ሲመት ሲመጣ ዲሲ ዙሪያ ያለ ባለቤት ሁሉ ይቺን ሕግ እንደ ጸሎት ይደግማታል። ግን እሷ የኢንካም ታክስ ነገር ናት። ፈቃድ ሌላ ነው። እንግዳው በየሌሊቱ የሚከፍለው የሆቴል ታክስ ደግሞ ሦስተኛ ነው። አንዱ ነጻ ቢያወጣህ ሌላው አያወጣህም። ለአንድ ሌሊትም ቢሆን ፈቃድ የሚጠይቅ ቦታ፣ ለአንድ ሌሊትም ይጠይቅሃል።

የስፕሪንጉ ሰው ወንድሜ፣ አንተ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ነህ። እዚያ ከጁላይ 2018 ጀምሮ ለአጭር ጊዜ ማከራየት ላይሰንስ አለው። ቤቱ ዋና መኖሪያህ መሆን አለበት። አንተ ቤት እያለህ ከሆነ የሌሊት ገደብ የለም። ከሌለህ በዓመት 120 ነው። ከስድስት አዋቂ በላይ አታሳድርም፣ በአንድ መኝታ ክፍል ሁለት። ለአዋሳኝና ለፊት ለፊት ጎረቤቶችህ ማሳወቅ አለብህ። ኤችኦኤ (የሰፈሩ ባለቤቶች ማኅበር) ካለህም እሱ መፍቀድ አለበት። የላይሰንስ ቁጥሩ ማስታወቂያህ ላይ ይወጣል። ስለዚህ "የት አውቆ" ለሚለው መልሱ፣ ቁጥር የሌለው ማስታወቂያ ራሱ ይናገራል ነው።

የስፕሪንጉ ሰው፦
እህቴ ተባረኪ። ጎረቤት ማሳወቅ ያልሽው ግን ከባድ ነው። ፊት ለፊቴ አንዲት ሴትዮ አሉ፣ የቆሻሻ ቢኔን በሰዓቱ ካላስገባሁ መጋረጃ ገልጠው የሚያዩኝ። "ቤቴ ሰው ላሳድር ነው" ብዬ ደብዳቤ ልጻፍላቸው?

ሒሳቧ፦
አዎ ጻፍላቸው። ዳቦ ይዘህ ሂድ።

ድሮ ፒያሳ፦
ልጆች፣ እኔ ዕድሜዬ ገፍቷል፣ ይቅር በሉኝና ግራ ገባኝ። እኛ ዲሲ ስንመጣ አንድ ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ ውስጥ ሰባት ሰው ነበርን። አዲስ የመጣ ሰው ፍራሽ ይነጠፍለታል፣ ሥራ እስኪያገኝ ይበላል ይጠጣል። ማን ላይሰንስ ጠየቀን? አሁን እንግዳ ማሳደርም ታክስ ተጣለበት?

ሹፌሩ ቆንጆ፦
ጋሼ፣ ያ እንግዳ ነበር። ይሄኛው ካርድ ያስገባል።

የፓይኩ ልጅ፦
እኔ ከሌላኛው ወገን ልናገር፣ እዚህ ክር ላይ ሁሉም ባለቤት ስለሆነ።

እኔ ተከራይ ነኝ። ኮሎምቢያ ፓይክ፣ አርሊንግተን። በፊት የነበርኩበት ሕንጻ (ስሙን አልጠራም) ባለቤቱ ኮንትራቴን አላድስም አለኝ። ምክንያት አልነገረኝም። ከሁለት ወር በኋላ ጓደኛዬ ለሠርግ የሚመጡ ዘመዶቿን ማረፊያ ኤርቢኤንቢ ላይ ስትፈልግ "እስቲ እዪው" ብላ ስልኳን ሰጠችኝ። የኔ ክፍል! የኔን መስኮት አወቅኩት፣ እኔ የሰቀልኩት የመጋረጃ ዘንግ እንኳ አልተነሳም። ለሁለት ሌሊት የተጠየቀው ዋጋ እኔ በሳምንት ከምከፍለው በላይ ነበር። እና የስፕሪንጉ ሰው "ካውንቲው ምን አገባው" ስትል፣ እኔ እንዲያገባው እፈልጋለሁ። ያንተ ቤዝመንት አይደለም ያስወጣኝ፣ አውቃለሁ። ግን ሕግ ሲወጣ ላንተ ብቻ ተብሎ አይወጣም።

የስፕሪንጉ ሰው፦
አይዞሽ እህቴ። እውነትሽን ነው፣ እንደዚያ አስቤው አላውቅም።

የዩ ስትሪት ልጅ፦
የፓይኩ ልጅ የተናገረችው ነው ነገሩ ሁሉ። ዲሲ ውስጥ ይሄ ሕግ ሲመከር ስከታተለው ነበር። ምክር ቤቱ በ2018 አጸደቀው፣ በደንብ ሥራ ላይ የዋለው ግን 2022 ነው። ዋናው ቁም ነገር አንድ ጥያቄ ነው፦ የት ነው የምታድረው? የምታድርበትን ቤት ማከራየት ትችላለህ። ሁለተኛ ቤትህን፣ ሦስተኛ ኮንዶህን በሌሊት ሒሳብ ማከራየት አትችልም። አንተ ሳትኖር ሙሉ ቤቱን ከሰጠህ ደግሞ በዓመት 90 ሌሊት ብቻ። ሐሳቡ ጥሩ ነው። አሥር አፓርታማ ገዝቶ ፊት ሳይታይበት ሆቴል የሚያንቀሳቅሰውን ለማቆም ነው።

ችግሩ ግን እኛን የመሰለ ሰው ላይ ነው የሚወድቀው። አበሻ እንዴት ነው ቤት የሚገዛው? እቁብ ጥሎ፣ ከወንድሙ ጋር ተደርቦ፣ የመጀመሪያዋን ታውንሃውስ ይገዛል፤ ልጅ ሲበዛ ሰፋ ያለ ይገዛና የመጀመሪያዋን ሳይሸጥ ያከራያል። ጡረታው እሷ ናት። ይሄ ሰው ከዚያ አሥር አፓርታማ ካለው ኩባንያ ጋር አንድ ላይ "ኢንቨስተር" ተብሎ ይመዘገባል። ኩባንያው ጠበቃ አለው፣ ቤቶቹን ወደ ወርኃዊ ኪራይ አዙሮ ይቀጥላል። የኛ ሰው ግን ደብዳቤው በፖስታ ሲመጣ እንኳ ማስታወቂያ መስሎት ይጥለዋል።

የብሮንክስ ሰው፦
እናንተ ገና ናችሁ። ኒውዮርክ ኑና እዩ።

እኔ ባለ ሁለት ቤተሰብ ቤት አለኝ። ላይ እኔ፣ ታች ኪራይ። ለአራት ዓመት ታችኛውን በሌሊት አከራየሁ፣ ሞርጌጁን ግማሽ ይሸፍንልኝ ነበር። ከዚያ ሎካል ሎው 18 መጣ። ሴፕቴምበር 5፣ 2023 ሥራ ላይ ዋለ። ከ30 ቀን በታች ለማከራየት ከተማው ዘንድ መመዝገብ አለብህ። ባለቤቱ እዚያው ቤት ውስጥ አብሮ መኖር አለበት። እንግዳ ከሁለት ሰው አይበልጥም። የውስጥ በር መቆለፍ የለም፣ እንግዳው ቤቱን በሙሉ መጠቀም መቻል አለበት። እኔ "እዚያው ነኝ፣ ላይ ነኝ" አልኩ። አይሆንም። ላይኛውና ታችኛው ሁለት የተለያየ መኖሪያ ነው። ጣሪያው አንድ ነው፣ ቦይለሩ አንድ ነው፣ የታችኛው ቧንቧ ሲፈነዳ ሌሊት የምወርደው እኔ ነኝ፤ ለሕጉ ግን ታች አልኖርም።

አሁን ከ30 ቀን በላይ ለሚቆዩ ነርሶች ነው የምሰጠው። ሦስት ወር ይቆያሉ፣ ሥራ ውለው መጥተው ይተኛሉ፣ ድምፅ የላቸውም። ገቢው ቀንሷል። ግን እውነቱን ልናገር፣ አንሶላ ማጠቡ ቀርቶልኛል። በሳምንት ሦስት ጊዜ ነበር የማጥበው። ሚስቴ "የአንሶላ ነጋዴ" ነበር የምትለኝ።

ሹፌሩ ቆንጆ፦
እንግዲህ አሜሪካ ነጻ አገር ነው ያላችሁኝ ሰዎች ወዴት ናችሁ?

የዩ ስትሪት ልጅ፦
አሜሪካ ብቻ አይደለም። ባርሴሎና ከንቲባው ጃውሜ ኮልቦኒ በጁን 2024 ያሉትን አላየህም? ከተማው ውስጥ ያሉትን 10,101 የቱሪስት አፓርታማ ፈቃዶች በሙሉ፣ እስከ ኖቬምበር 2028፣ ሳያድሱ ሊያበቁ ነው። ሁሉንም! አምስተርዳም በዓመት ቢበዛ 30 ሌሊት፣ ለንደን 90። እዚህ 120 ያለ ካውንቲ ለጋስ ነው ሃሃ።

ሒሳቧ፦
ቨርጂኒያ ያላችሁም አትሳቁ። ፌርፋክስ ካውንቲ በዓመት 60 ሌሊት ነው፣ አብረህ ኖርክም አልኖርክም። ፐርሚቱ ለሁለት ዓመት 200 ዶላር ነው። ቤቱ ውስጥ በዓመት ቢያንስ 185 ቀን መኖር አለብህ። ድልድይ በተሻገርክ ቁጥር ሕጉ ይለወጣል። ሰው ቴሌግራም ላይ "እኔ እንዲህ አደረግኩ" ሲል መጀመሪያ የት ካውንቲ እንደሆነ ጠይቁት።

የስፕሪንጉ ሰው፦
እሺ ላይሰንሱን አወጣለሁ። ታክሱን ግን ኤርቢኤንቢ ራሱ ይቆርጣል አይደል? አንድ የማውቀው ሰው "እነሱ ይከፍሉልሃል፣ አንተ አታስብ" አለኝ። ስለዚህ በታክሱ በኩል አለቀ።

ሒሳቧ፦
አላለቀም ወንድሜ። በየዓመቱ ማርች ላይ ይቺን አንድ ንግግር ስደግም ድምፄ ይዘጋል።

ኤርቢኤንቢ የሚሰበስበው የእንግዳውን ታክስ ነው። ሌሊቱ 100 ዶላር ከሆነ ሜሪላንድ 6 በመቶ የሽያጭ ታክስ፣ ሞንትጎመሪ 7 በመቶ የክፍል ታክስ አለው። እንግዳው በ113 ሒሳብ ይከፍላል፣ 13ቱ ወደ መንግሥት ይሄዳል። ዲሲ ከሆነ ከኤፕሪል 2023 ወዲህ 15.95 በመቶ ነው። ያ ገንዘብ መጀመሪያም ያንተ አልነበረም። ላንተ የገባችው 100 (ከአገልግሎት ክፍያው ተርፎ) የራስህ ገቢ ናት፣ እሷን በሪተርንህ የምታስታውቀው አንተ ነህ።

ሌላ ነገር። የኛ ሰው በኤርቢኤንቢ በኩል ሁለት ጊዜ አንተ ጋ ካረፈ በኋላ "ለምን ለነሱ ኮሚሽን እንከፍላለን፣ በዜል (በስልክ) በቀጥታ ልላክልህ" ይላል። ያኔ ያንን 13 በመቶ የምትሰበስበውም የምታስገባውም አንተ ትሆናለህ። ሰው ሁሉ የሚወድቀው እዚች ላይ ነው።

"ፎርም ካልመጣልኝ ገቢ አይደለም" የሚል ደግሞ አለ። 1099-ኬ የሚባለው፣ እንደ ኤርቢኤንቢ ያለ መድረክ የከፈለህን ለአይአርኤስ (ለአሜሪካ ግብር መሥሪያ ቤት) የሚያሳውቅበት ፎርም በ2025 በወጣው የፌደራል ሕግ ወደ ድሮው ተመልሷል፣ ከ20,000 ዶላር በላይና ከ200 ግብይት በላይ ሲሆን ነው መድረኩ የመላክ ግዴታ ያለበት። ፎርሙ አይመጣም ማለት ግን ገቢው የለም ማለት አይደለም።

ደስ የሚለውም አለ። ወጪ ትቀንሳለህ። ቤዝመንቱ የቤቱ ሲሶ ከሆነ የሞርጌጅ ወለዱን፣ የመብራቱን፣ የኢንሹራንሱን ሲሶ፣ ለኪራይ በዋለበት ቀን ልክ። አንሶላና ሳሙናው ሙሉ በሙሉ። ደረሰኝ ያዝ። በስልክህ ፎቶ አንሳው፣ የሱፐርማርኬት ደረሰኝ በስድስት ወር ይነጣል።

እትዬ ቁርስ፦
ሒሳቧ እህቴ፣ እኔ አሌክሳንድሪያ ላይ ነኝ፣ በፈቃድ ነው የምሠራው። ለእንግዶቼ ጠዋት ጠዋት ፍርፍርና ቡና አቀርባለሁ። ፈረንጆቹ በጣም ነው የሚወዱት፣ ኮመንት ላይ ሁሉ "ዘ ብሬክፋስት" ይላሉ። ይሄም ታክስ አለው እንዳትይኝ።

ሒሳቧ፦
እትዬ፣ ፍርፍሩ ነው ጉድ ያደረገዎት ሃሃሃ።

እውነቴን ነው። ቤት ብቻ ካከራዩ ሼዱል ኢ በሚባለው የሪተርኑ ቅጽ ላይ ነው የሚሞላው፣ የራስ ሥራ ታክስ የለበትም። ምግብ ማቅረብ፣ እንግዳው እያለ በየቀኑ ማጽዳት፣ እንደ ሆቴል ማስተናገድ ከጀመሩ ግን አይአርኤስ "ይሄ ንግድ ነው" ይላል። ሼዱል ሲ ይሆናል፣ በትርፉ ላይ 15.3 በመቶ የራስ ሥራ ታክስ ይጨመራል። እንግዳ ሲወጣ ማጽዳት ችግር የለውም። ቡናም ማሽኑን አስቀምጠው ራሱ ካፈላ ችግር የለውም። እርስዎ በየጠዋቱ ከቀቀሉ፣ ከቆሉ፣ ከወቀጡ ግን...

እትዬ ቁርስ፦
በይ እንግዲህ ቡናውን ራሳቸው ይቁሉ!

ድሮ ፒያሳ፦
ይሄን ጉድ ለባለቤቴ አነበብኩላት። ጀበናዋን ደበቀች።

ሲኤምሲ፦
ከአዲስ አበባ ሰላም። ዳያስፖራው ስለ አሜሪካ ሲያወራ ደስ ይላል፣ ግን ግማሻችሁ እዚህም ቤት አላችሁ፣ እዚህም በቀን ታከራያላችሁ፣ ስለዚህ ልንገራችሁ።

እኔ የሦስት ሰው አፓርታማ ነው የማስተዳድረው፣ ሁለቱ ባለቤቶች ቨርጂኒያ ናቸው። ፈርኒሽድ ነው። ገና፣ ጥምቀትና ክረምት ላይ ቦታ አይገኝም፤ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ደግሞ ዝንብ እያባረርኩ ነው የምቀመጠው። ሰው በቀን ሒሳብ አባዝቶ "ዓመቱን በሙሉ" ብሎ ያልማል። ሮቶ ስትሞላ፣ ጀነሬተር ነዳጅ ሲጠጣ፣ ደላላ ሲቆርጥ፣ ጽዳቷ "ዛሬ ታክሲ የለም" ስትል አይቆጥርም።

ሕጉን በተመለከተ። በኛ አቆጣጠር በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ አለ፣ ቁጥር 1320። ውሉ ከሁለት ዓመት አያንስም፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይበልጥም፣ ኪራዩ በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክስ ነው የሚከፈለው፣ ጭማሪውን መንግሥት በሚወስነው ልክ። ሆቴልና ገስት ሀውስን አዋጁ አይመለከትም። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚጫወተው። ጎረቤት ሲጠይቅ "ገስት ሀውስ ነው" ይላል፣ ወረዳ ሲጠይቅ "ዘመድ ነው ያረፈው" ይላል። ገስት ሀውስ ከሆነ ንግድ ፈቃድ አውጣ። ለቫት ከተመዘገብክም 15 በመቶውን ጨምረህ ጠይቅ። መኖሪያ ከሆነ ውሉን አስመዝግብ። ሁለቱም አይደለሁም ማለት እስከ ጊዜው ነው።

የፓይኩ ልጅ፦
ታክሱስ እዚያ እንዴት ነው?

ሲኤምሲ፦
ቤት አከራይቶ የሚገኝ ገቢ ሠንጠረዥ "ለ" ነው። ለግለሰብ በእርከን ነው፣ ጣሪያው 35 በመቶ። ድርጅት ከሆነ 30። አንድ የተለመደ ብልሃት ነበር፦ ውሉን ለሁለት ይከፍሉታል። ቤቱ በትንሽ ብር፣ ሶፋና ፍሪጁ በብዙ ብር። "እኔ ያከራየሁት ሶፋ ነው" ለማለት። የገቢ ግብር አዋጁ (979/2008) ግን ቤቱ ከነዕቃው ከተከራየ የዕቃው ኪራይም እዚያው ይደመራል ይላል። አንዱ ባለቤቴ አሁንም አያምነኝም። በየወሩ ደውሎ "ሶፋውን ለብቻ አድርገው" ይለኛል።

ሒሳቧ፦
ለዚያ ባለቤትህ መልእክት አድርስልኝ። ሲቲዝን ወይም ግሪን ካርድ ከሆነ የአዲስ አበባው ኪራይ እዚህ ሪተርኑም ላይ ይገባል። ግብር እዚያ ከፍሎ ከሆነ ደረሰኙን ይያዝ፣ እዚህ ከሚከፍለው እንዲቀነስለት በፎርም 1116 ክሬዲት ይጠይቅበታል። አሜሪካና ኢትዮጵያ የታክስ ስምምነት የላቸውም፣ ክሬዲቱ ግን ያለ ስምምነትም ይሠራል። እዚያ ግብር ሳይከፍል በእጅ የተቀበለ ሰው ክሬዲት የሚያደርገው ነገር የለውም። ከአገር ውጭ ያሉት አካውንቶቹ ተደምረው በዓመቱ ውስጥ ለአንድ ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር ካለፉ ኤፍባር የሚባል ሌላ ሪፖርት አለ። ታክስ የለውም፣ ግን ካላስገባኸው ቅጣቱ ያስለቅሳል።

ሲኤምሲ፦
ይሄን ልልክለት ነው። ከዚያ ወዲያ አይደውልልኝም ሃሃ።

ሁለተኛ ፎቅ፦
እኔ ሕግም ታክስም አላውቅም፣ አንድ ነገር ልናገር ነው የገባሁት። ኢንሹራንስ!

ባለፈው ክረምት አንድ እንግዳ ሻወር ከፍቶ እንቅልፍ ወሰደው። ገንዳው መፋሰሻ ላይ ፎጣ ተኝቶበታል። ውሃው በጣሪያው ወደ ታች ሳሎን፣ ከዚያ ወደ ምንጣፉ፣ ከዚያ ወደ ኤሌክትሪኩ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ "እቤትሽ ዝናብ ይዘንባል" ብሎ ራሱ ደወለልኝ። የቤት ኢንሹራንሴ (የማንን አልናገርም) የመጀመሪያ ጥያቄያቸው "ሰውዬው ከፋይ ነበር ወይ?" ነበር። አዎ አልኩ። አለቀ። ፖሊሲው ላይ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል፣ ለአጭር ጊዜ ኪራይ አይሸፍንም። ኮንትራክተሩን ከኪሴ ከፈልኩ። ሶፋ ከመግዛታችሁ በፊት ኢንሹራንሳችሁ ጋ ደውሉ።

የስፕሪንጉ ሰው፦
ሶፋውን ሳልደውል ገዛሁት...

ቆይ፣ አንድ ሌላ ነገር። ዛሬ የካውንቲውን ማመልከቻ ከፈትኩት። ቤቱ ላይ ሌላ ፈቃድ አለ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ያ ተከራይ ልጅ ሊገባ ሲል እኔ ሕግ አክባሪ ሆኜ ቤዝመንቱን በሕጋዊ መንገድ አስመዝግቤው ነበር። ኢንስፔክተር መጣ፣ መስኮት አስፋ አለኝ፣ አሰፋሁ፣ ስቶቭ አስገባሁ፣ ኤዲዩ የሚባለውን (ቤት ውስጥ ራሱን የቻለ ሁለተኛ መኖሪያ የሚፈቅደውን) ወረቀት ሰጡኝ። ይሄ ይጠቅመኛል አይደል? አንድ ፈቃድ ካለኝ ሁለተኛው ይቀላል ብዬ ነው።

ሒሳቧ፦
ኧረ ወንድሜ። ይሄን መጀመሪያ ላይ ብትነግረን!

ሞንትጎመሪ ውስጥ ኤዲዩ ያለበት ግቢ ላይ የአጭር ጊዜ ኪራይ አይፈቀድም። ቤዝመንቱ ብቻ አይደለም፣ ላይኛውንም ክፍል መስጠት አትችልም። ኤዲዩን የፈቀዱት ቋሚ ነዋሪ እንዲገባበት፣ የቤት እጥረቱን እንዲያቃልል ነው። ለቱሪስት እንዲሆን አልፈለጉም።

የብሮንክስ ሰው፦
እንኳን ደህና መጣህ ወንድሜ። ክለቡ ሰፊ ነው።

የስፕሪንጉ ሰው፦
ማለት? ፈቃድ ሳላወጣ በጎን ሰው አስገብቼ ብኖር ኖሮ ዛሬ ላይሰንስ አገኝ ነበር፣ ሕግ ስላከበርኩ ተከለከልኩ?

የዩ ስትሪት ልጅ፦
እንደሱ ስትለው ያማል፣ ግን እንደዚያ ነው ማለት ይቻላል። በጎን ብትይዘው ደግሞ ያ መስኮት አይሰፋም ነበር። እሳት ቢነሳ ልጁ በየት ይወጣል? ያኔ ያደረግከው ትክክል ነው። የአሁኑ ሒሳብህ ነው የተበላሸው።

ሹፌሩ ቆንጆ፦
ስቶቩን ንቀለውና ኤዲዩው ቀረ በላቸው!

ሒሳቧ፦
ይቻላል፣ ፈቃዱን መመለስ ይቻላል። ግን በደንብ አስቡበት። ያ ኪችንና ያ ወረቀት ቤቱን ስትሸጠው ዋጋ አላቸው። ለአሥራ ሁለት ሌሊት ብለህ የዓመታት ነገር አትንቀል። ሒሳቡን እንደገና ሥራው፦ ከአሥራ ሁለት ሌሊቱ ላይ የጽዳት፣ የአንሶላ፣ የመድረኩ ኮሚሽን፣ አዲስ ኢንሹራንስ፣ ባዶ የሚያድርባቸው ወራት። አጠገቡ ደግሞ በየወሩ መጀመሪያ የሚገባ አንድ ዜል። ስንት ነው ልዩነቱ?

የስፕሪንጉ ሰው፦
ቅድም ከባለቤቴ ጋር ተቀምጠን ሠራነው። በእርሳስ። በወር የሚተርፈው ልዩነት 300 ምናምን ዶላር ሆነ። እሷ "ለ300 ዶላር ነው የማላውቀው ሰው ሌሊት በሬን የሚያንኳኳው?" አለች። ሐሳቡ የሷ እንደነበረ ላስታውሳት ፈልጌ ተውኩት።

ስለዚህ ለቋሚ ተከራይ ነው የምሰጠው። ሶፋው አለ፣ አዲስ ነው፣ ገና ፕላስቲኩ አልተነሳም። ከሬድ ላይን ባቡር አሥር ደቂቃ በእግር። መብራትና ውሃ ውስጡ ነው። የሚያጨስ ሰው አልፈልግም።

የፓይኩ ልጅ፦
ስንት ትላለህ? በውስጥ ጻፍልኝ፣ ኮንትራቴ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ያልቃል። ሶፋውን ለብቻ እንዳታከራየኝ ብቻ።